የኤሌክትሪክ ፍሬንና ፍሪሲዮን የአየር ክፍተት፦ ድሬዳዋ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ደርሶላት የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ እጅ ያኔውኑ አብሯት ተወልዷል። እንዲያም ሆኖ ለጥገና በየፋብሪካው ስዞር አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ያልተቃጠለ ኮይል፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል፣ ተፈትቶ ይጣላል፤ ጤነኛ ሞተር ሊጠቀለል ይላካል፤ ምርት ለቀናት ይቆማል። ሲጣራ ግን ጥፋቱ በፍሬኑ ወይም በፍሪሲዮኑ ውስጥ ባለ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ክፍተት ላይ ይገኛል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከጥገና ሠራተኞችና ከፈረቃ ኃላፊዎች በየጊዜው የሚቀርቡልኝ ናቸው። መልሱን የጻፍኩት ቁልፍና ካቻቢቴ ይዞ ማሽኑ ሥር ለሚገባው ሰው ነው።

የአየር ክፍተት የሚባለው የትኛው ነው?

በሞተር ጀርባ የሚገጠመው የተለመደው ፍሬን ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ኮይሉን በውስጡ የያዘው የማግኔት አካል ነው። ሁለተኛው ከፊቱ የተቀመጠውና ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀሰው የብረት ሳህን ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሻፍቱ ጋር የሚዞረው፣ በሁለት ጎኑ የፍሬን ሸራ ያለው ዲስክ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሞላዎች፣ ማለትም ስፕሪንጎች፣ ሳህኑን ገፍተው ዲስኩን ከሞተሩ ክዳን ጋር ያጣብቁታል፤ ሞተሩ ይቆማል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ኮይሉ የሞላዎቹን ጉልበት አሸንፎ ሳህኑን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ዲስኩ ነጻ ይሆናል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ሰዓት በማግኔቱ አካልና በሳህኑ መካከል የምታዩት ቀጭን ስንጥቅ ነው የአየር ክፍተት የሚባለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ልብ በሉ፤ የሚለካው በሳህኑና በሸራው መካከል አይደለም።

ሸራው ባለቀ ቁጥር ሳህኑ ዲስኩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ከማግኔቱም ይርቃል። ስለዚህ ክፍተቱ በሥራ ብዛት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የመኪና ፍሬን የለመደ መካኒክ እዚህ ላይ ይደናገራል። የመኪና ሸራ ሲያልቅ መኪናው አልቆምም ይላል፤ በዚህ ፍሬን ግን ሸራው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ማሽኑ አልነሣም ማለቱ ነው።

ጠዋት ደህና ይሠራል፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ግን ፍሬኑ አልለቅም ይላል። ኮይሉ ሊቃጠል ነው?

ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ግንቦትና ሰኔ ላይ እጠብቀዋለሁ። ኮይሉ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። ክፍተቱ ከገደቡ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ሙቀቱ ደግሞ የቀረውን ጉልበት ወሰደበት።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመግታት ጠባዩ፣ 0.39 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። በ20 ዲግሪ የነበረ ኮይል ሥራ ላይ ውሎ 100 ዲግሪ ሲደርስ ሬዚስታንሱ በ31 በመቶ ይጨምራል። የሚሰጠው ቮልቴጅ ያው ስለሆነ ከረንቱ ወደ 76 በመቶ ይወርዳል። የማግኔት የመሳብ ኃይል ደግሞ ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ከጠዋቱ ኃይል የሚቀረው 58 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ክፍተቱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። የመሳብ ኃይሉ ክፍተቱ ሲሰፋ በስኩዌር ይቀንሳል፤ በግምት ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ሩብ ይሆናል። በ0.3 ሚሊሜትር የተገጠመ ፍሬን 0.6 ሲደርስና ኮይሉም ሲግል ሁለቱ ተባብረው ኃይሉን ከመጀመሪያው ሰባት እጅ ወደ አንድ እጅ ያወርዱታል። አምራቾች ሰፊ መጠባበቂያ ስለሚተዉ ፍሬኑ ለረጅም ጊዜ ይታገሣል። ትዕግሥቱ የሚያልቀው ግን በጣም በሚሞቀው ሰዓት ነው። አብዛኞቹ ሞተሮች የሚሰሉት እስከ 40 ዲግሪ ለሚደርስ የአካባቢ ሙቀትና እስከ 1,000 ሜትር ለሚሆን ከፍታ ነው። ድሬዳዋ ያለችው በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃ ወይም ከማድረቂያ አጠገብ ያለው አየር ደግሞ 40ን በቀላሉ ያልፋል።

ስለዚህ ማሽኑ "ሲቀዘቅዝ ይሠራል" ከተባላችሁ ማራገቢያ ለመትከል አትቸኩሉ። መጀመሪያ ክፍተቱን ለኩ። ማራገቢያ አቁሞ ማሠራት ችግሩን ለሳምንታት ይደብቀዋል። በእነዚያ ሳምንታት ፍሬኑ በከፊል ተጣብቆ እየተፋተገ ይሠራል፤ ሸራውም በወራት የሚያልቀውን በቀናት ይጨርሳል።

መጠኑ ስንት መሆን አለበት? የፍሬኑ ሰሌዳ ጠፍቷል።

ትክክለኛው መልስ የአምራቹ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ሌላው ሁሉ ግምት ነው። በልማድ ትንንሽ ፍሬኖች 0.2፣ መካከለኞቹ 0.3፣ ትላልቆቹ 0.4 ወይም 0.5 ሚሊሜትር ላይ ይገጠማሉ። ብዙ አምራቾች ክፍተቱ ከመነሻው ሁለት እጥፍ አካባቢ ሲደርስ እንዲስተካከል ያዝዛሉ።

ሰሌዳው ጠፍቶ ከሆነ በግቢው ውስጥ ተመሳሳይ ሞተር ፈልጉ። ፋብሪካዎች ሞተር የሚገዙት አብዛኛውን ጊዜ በጅምላ ስለሆነ ወንድሙ አንድ ጥግ ላይ ሰሌዳውን እንደያዘ ቆሞ ይሆናል። ካልተገኘ ከላይ ካሉት ቁጥሮች በፍሬኑ ስፋት መርጣችሁ ጀምሩ። ኤሌክትሪክ ሰጥታችሁ ፍሬኑ ሲለቅ ሻፍቱ በእጅ ያለ ምንም መፋተግ መዞሩን አረጋግጡ፤ ማሽኑ ሙሉ ፈረቃ ሠርቶ ከጋለ በኋላም ድገሙት። የደረሳችሁበትን ቁጥር በማይለቅ ቀለም ሞተሩ ላይ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ያመሰግናችኋል።

በምን ልለካው? ወረቀት አጥፌ ብጠቀም ምን ችግር አለው?

ወረቀት ሲጫኑት ይጠባል፤ ዘይትና ላብ ሲነካው ደግሞ ያብጣል፤ ስለዚህ አይሆንም። የሚያስፈልገው ፊለር ጌጅ ነው፤ በየቅጠሉ ላይ ውፍረቱ የተጻፈበት፣ እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋው የስስ ብረት መለኪያ። የመኪና ቫልቭ የሚያስተካክል መካኒክ ሁሉ አለው፤ መለዋወጫ ሱቅም ይገኛል። የግድ የሆነበት ሰው የጢም መላጫ ምላጭ ሲጠቀም አይቻለሁ። ባለ ሁለት ስለቱ ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ከወረቀት ይሻላል፤ ግን ጣት ይቆርጣል፤ አልመክረውም።

ቅጠሉ በትክክል ገባ የሚባለው ጥቂት እየያዘ ሲንሸራተት፣ ከእሱ በአንድ ደረጃ የሚወፍረው ደግሞ አልገባም ሲል ነው። ሁለቱንም ሞክሩ። አንዱ ስለገባ ብቻ "ይኸው ልኩ" ማለት ግማሽ ሥራ ነው። ቋሚ ማግኔት ባለበት ፍሬን ላይ የብረት ቅጠል ተስቦ ስለሚጣበቅ የናስ ቅጠል ተጠቀሙ።

እሺ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዴት ነው የሚስተካከለው?

መጀመሪያ ደኅንነት። ፍሬኑ የተንጠለጠለ ጭነት ይዞ ከሆነ ጭነቱን መሬት አሳርፉ። ተዳፋት ላይ ያለ ማጓጓዣ ቀበቶ ከሆነ ወደኋላ እንዳይንሸራተት እሰሩት። ዋናውን ማብሪያ አጥፉ፣ ቆልፉት፣ ቁልፉንም ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ከዚያ በቴስተር ቮልቴጅ አለመኖሩን አረጋግጡ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ፍሬን ሲፈታ ማሽኑን የያዘው ብቸኛ ነገር ይለቃል።

የአየር ማራገቢያውን ክዳንና ማራገቢያውን አውጡ፤ አቧራ መከላከያ ጎማ ካለም ከጎድጓዱ ሳብ አድርጉት። ጎማውን ስታወጡ የሚረግፈውን ዱቄት ተመልከቱ። ደረቅና ደቃቅ ከሆነ የተለመደ መበላት ነው፤ እንደ ጭቃ ከተጋገረ ግን ዘይት ወይም ውኃ ገብቷል ማለት ነው፤ ያኔ ክፍተት ማስተካከሉ ብቻውን አያድናችሁም።

ከመንካታችሁ በፊት ክፍተቱን በሦስት ቦታ፣ በእኩል ርቀት፣ በተለይ በማሰሪያ ቡሎኖቹ አጠገብ ለኩና ጻፉ። ቀጥሎ የዲስኩን ውፍረት ለኩ። ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት መመሪያው ላይ አለ። ዲስኩ ከዚያ በታች ከሆነ ማስተካከሉን ተዉት፤ ዲስኩ መቀየር አለበት። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘላል። ክፍተቱ በቁጥር ደረጃ ፍጹም ሆኖ ሸራው ግን ያለቀበት ፍሬን አንድ ቀን ብረት በብረት ይሆናል።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። በብዙ ፍሬኖች የማግኔቱ አካል በሦስት ቡሎኖች ይታሰራል፤ በየቡሎኑ ዙሪያ ደግሞ ወደ ማግኔቱ አካል የሚገባና የሚወጣ ባለ ጥርስ ቡሽ፣ ማለትም አጭር የብረት ቱቦ፣ አለ። ቡሎኖቹን ግማሽ ዙር ያህል ታላላላችሁ፤ ቡሾቹን ወደ ማግኔቱ አካል እኩል ታስገባላችሁ፤ ቡሎኑን መልሳችሁ ስታጠብቁ ማግኔቱ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። በሌሎች ፍሬኖች ሥራው የሚሠራው በሁለት ዳዶ ነው፤ አንዱ ያስተካክላል፣ ሌላው ይቆልፋል።

ምን ያህል ላዙር ለሚለው በጥርሱ አስሉት። የተለመደው ኤም 6 ጥርስ በአንድ ሙሉ ዙር 1 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ኤም 8 ደግሞ 1.25። ዳዶው ስድስት ጎን ስላለው በኤም 6 ላይ አንድ ጎን ብቻ ማዞር 0.17 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከ0.5 ወደ 0.3 ለመመለስ ከአንድ ጎን ትንሽ የሚበልጥ በቂ ነው። ሙሉ ዙር አዙሮ "አልገባኝም፣ ተጣበቀ" የሚል ሰው ብዙ ስላጋጠመኝ ነው ይህን የማነሳው።

ካጠበቃችሁ በኋላ በሦስቱም ቦታ እንደገና ለኩ። ሲጠብቅ ክፍተቱ ይለወጣልና ሳይጠብቅ የተለካው አይቆጠርም። ሦስቱ ቁጥሮች እኩል መሆን አለባቸው። በአንድ በኩል 0.2፣ በሌላው 0.4 ከሆነ አማካዩ 0.3 ነው ብላችሁ አትለፉ። ሳህኑ አጋድሎ ይሳባል፣ በአንድ ጠርዝ ይፋተጋል፣ ይንጫጫልም።

በመጨረሻ ኤሌክትሪክ ሰጥታችሁ አዳምጡ። በትክክል የተስተካከለ ፍሬን አንድ አጭር፣ ጥርት ያለ "ቋ" ያሰማል። የዘገየ ወይም ሁለት ጊዜ የሚመታ ድምፅ ከሰማችሁ ተመልሳችሁ ለኩ።

ክፍተቱን አስተካክያለሁ፤ የማቆም ጉልበቱ ግን ደካማ ነው። ሞላዎቹን ላጥብቅ?

ቆዩ፤ መጀመሪያ የእጅ መልቀቂያውን እዩ።

ብዙ ፍሬኖች ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በእጅ ለማስለቀቅ የሚያገለግል ማንሻ አላቸው። ማንሻው ሳህኑን ወደ ማግኔቱ የሚስብ ስለሆነ በሥራ ሰዓት ከሳህኑ ጋር መነካካት የለበትም፤ ጥቂት ነጻ ጨዋታ ሊኖረው ይገባል። ሸራው ሲያልቅ ሳህኑ ከማግኔቱ እየራቀ ያንን ጨዋታ ይበላዋል። ጨዋታው ዜሮ ሲሆን ማንሻው ሳህኑን ወደኋላ ይዞ ያስቀረዋል፤ ሞላዎቹ ሙሉ ጉልበት ቢኖራቸውም ጉልበታቸው ሸራው ላይ አይደርስም። ኮይሉ ጤነኛ፣ ሞላው ጤነኛ፣ ፍሬኑ ግን አይይዝም።

ይህን የተማርኩት በአንድ የቡና መጋዘን ነው። ጆንያ የሚያነሣ ማንሻ ክሬን ነበር፤ ጭነቱን ሲያቆሙት ቀስ እያለ ይወርዳል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ሞላዎቹ ደክመዋል ብለው የሞላ ማጥበቂያውን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙረውት ነበር። ያኔ ደግሞ ኮይሉ ጠንክሮ የተጫነውን ሞላ ማሸነፍ ስላቃተው ፍሬኑ አልለቅም ማለት ጀመረ። ክፍተቱን አጥብበው አስለቀቁት፤ መንሸራተቱ ግን አልቀረም። ሁለት ቀን ሙሉ አንዱን ሲያጠብቁ ሌላው ሲላላ ቆዩ። እኔም ስደርስ የመጀመሪያውን ሰዓት ያጠፋሁት እነሱ በሄዱበት መንገድ ነው። በኋላ የእጅ መልቀቂያውን ዳዶዎች ስመለከት ከሳህኑ ጋር ተጣብቀዋል። እነሱን አላልቼ ጨዋታቸውን መለስኩ፣ የሞላውን ቀለበት ወደ ነበረበት ምልክት አመጣሁ፣ ክፍተቱንም እንደገና ለካሁ። ጆንያዎቹ ቆሙ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከጭነቱ ሥር ሰው እንደሚመላለስ ሳስበው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው፤ ክፍተት በተነካ ቁጥር የእጅ መልቀቂያው ጨዋታም ይለካል። የሞላ ቀለበቱ የጉልበት መወሰኛ ነው፤ የክፍተት ማስተካከያ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አንድ ችግር ይዞ መጥቶ ሦስት ይዞ ይመለሳል።

ኮይሉ መቃጠሉን በምን ልወቅ?

ሽቦውን ከሬክቲፋየሩ፣ ማለትም የመስመሩን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ (ኤሲ) ወደ ቀጥተኛ (ዲሲ) ከሚለውጠው ዕቃ፣ ነቅላችሁ ሬዚስታንሱን ለኩና ከስሌቱ ጋር አወዳድሩ፤ ቮልቴጁን በራሱ አባዙና በዋቱ አካፍሉ። ለምሳሌ ሰሌዳው 205 ቮልት፣ 40 ዋት ካለ 1,050 ኦም ገደማ ልታገኙ ይገባል። 24 ቮልት፣ 40 ዋት ከሆነ 14.4 ኦም ነው። ማለቂያ የሌለው ቁጥር ካሳየ ሽቦው ተበጥሷል፤ በብዙ ያነሰ ከሆነ ጥቅሉ እርስ በርሱ ተነካክቷል። ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ከሆነ ኮይሉን ተዉት፤ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ሬክቲፋየሩን ፈትሹ። ግማሽ ሞገድ ሬክቲፋየር የገባበትን ቮልቴጅ በ0.45፣ ሙሉ ሞገዱ በ0.9 አባዝቶ ያወጣል። ከ220 ቮልት 99 ወይም 198 ቮልት ዲሲ ይጠበቃል፤ ከ380 ቮልት በግማሽ ሞገድ 171። ሙሉ ሞገድ የሚፈልግ ኮይል በስህተት በግማሽ ሞገድ ሬክቲፋየር ቢገጠም ግማሽ ቮልቴጅ፣ ሩብ ኃይል ይዞ ይቀራል። ክፍተቱን የፈለጋችሁትን ያህል ብታጠቡ አይለቅም። መለኪያውን የምትሰኩት ኮይሉ ጫፍ ላይ ይሁን እንጂ ቦርዱ ላይ አይሁን፤ በተለይ 24 ቮልት ከሆነ በረጅምና ቀጭን ሽቦ ላይ የሚጠፋው ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ላስተካክል። "ክፍተቱ ስለሰፋ ኮይሉ ብዙ ከረንት ስቦ ተቃጠለ" ይባላል። ይህ እውነት የሚሆነው በቀጥታ በኤሲ በሚሠሩት የድሮ ፍሬኖች ነው፤ በእነሱ ሳህኑ ካልተሳበ ከረንቱ ከፍ እንዳለ ይቀራልና ኮይሉ በአጭር ጊዜ ይነዳል። በዲሲ ኮይል ግን ሳህኑ ቢሳብም ባይሳብም ከረንቱን የሚወስነው ሬዚስታንሱ ነው። የዲሲ ኮይል በክፍተት ምክንያት ከተቃጠለ ያቃጠለው ከጎኑ እየተፋተገ የጋለው ዲስክ ነው። ልዩነቱ ለጥገና ሰው ትልቅ ነው፤ የነደደ የዲሲ ኮይል ስታገኙ ዲስኩንና የሞተሩን ኩሽኔታ ሳታዩ አዲሱን አትግጠሙ።

ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ካስገባን ወዲህ ፍሬኑ በዝግታ ስንነሣ አይለቅም። ክፍተቱን ላጥብበው?

አታጥብቡት። ፍሬኑ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሞተሩ ሳጥን ውስጥ፣ ከሞተሩ ሽቦዎች ላይ ተጠልፎ ነው። ሞተሩ በቀጥታ ከመስመር ሲሠራ ያ ትክክል ነበር። ኢንቨርተር በዝቅተኛ ፍጥነት የሚሰጠው ቮልቴጅ ዝቅተኛ ስለሆነ ግን ኮይሉ ይራባል። ለፍሬኑ ሬክቲፋየር ከዋናው መስመር በራሱ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ) የተለየ ሽቦ ዘርጉለት፤ ኮንታክተሩንም ኢንቨርተሩ እንዲያዝዘው አድርጉ።

ፍሪሲዮን ላይስ? የማሸጊያ ማሽናችን መጠቅለያውን አንዴ አሳጥሮ አንዴ አስረዝሞ ይቆርጣል።

በማሸጊያና በመቁረጫ ማሽኖች ላይ የምታገኙት ፍሪሲዮንና ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ካየነው በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ይይዛል፣ ሲቋረጥ ይለቃል። እዚህ ክፍተቱ ያለው በሚዞረው የማግኔት ፊትና በተሳቢው ሳህን መካከል ነው፤ ሲሰፋም ምልክቱ መዘግየት ነው። ማሽኑ አይቆምም፤ ሥራው ግን ይበላሻል።

መዘግየቱ ትንሽ ይመስላል። የመጠቅለያው ላስቲክ በሰከንድ ግማሽ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 20 ሚሊሰከንድ መዘግየት 10 ሚሊሜትር ማለት ነው። በብስኩት መጠቅለያ ላይ 10 ሚሊሜትር የታተመውን ስም ለሁለት ይቆርጠዋል። ኦፕሬተሩ በመጠቅለያው ላይ ያለውን ምልክት የሚያየውን የፎቶ ሴል ያጸዳል፣ የቦርዱን ቁጥር ይለዋውጣል፣ ለአንድ ሰዓት ይስተካከልለታል፤ ፍሪሲዮኑ ሲግል እንደገና ይሳሳታል። የስህተቱ መጠን ከሙቀቱ ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ኤሌክትሮኒክሱን ተዉና ክፍተቱን ለኩ።

የማስተካከያው መንገድ እንደ ዓይነቱ ይለያያል። አንዳንዱ ሳህን በሻፍቱ ላይ ተንሸራትቶ በትንሽ ቡሎን ይታሰራል። በሌላው ከሳህኑ ጀርባ ያሉ ስስ የብረት ቀለበቶች እየተቀነሱ ሳህኑ ይጠጋል። መበላቱን እየተከተሉ ራሳቸውን የሚያስተካክሉም አሉ፤ እነዚህን በኃይል አትግፏቸው። ከመለካታችሁ በፊት ግን ሻፍቱን በእጃችሁ ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፤ እናንተ ያስተካከላችሁት 0.3 ሥራ ላይ 0.1 ወይም 0.6 ሆኖ ይገኛል። ኩሽኔታው ሳይቀየር የሚደረግ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

ፍሪሲዮኑም ፍሬኑም በአንድ አካል ከሆኑ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለኩ። አንዱ ጠብቦ ሌላው ሰፍቶ ከሆነ አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይይዛል፤ ሁለቱ ሲታገሉ የሚፈጠረው ሙቀት ሁለቱንም ይጨርሳል።

ደጋግሜ እንዳላስተካክል በጣም ላጥብበውስ?

ኮይሉ ሲስብ ሳህኑ የሚሄደው የክፍተቱን ያህል ብቻ ነው፤ ክፍተት ከሌለ ዲስኩ ነጻ የሚሆንበት ቦታ የለም። ሸራው ሲግል ደግሞ ጥቂት ያብጣል። በጣም የጠበበ ፍሬን ቀኑን ሙሉ እየተፋተገ ይሠራል፣ ለመያዝም ይዘገያል። የተጻፈው ቁጥር ላይ አቁሙት።

አቧራውን በኮምፕሬሰር ላጽዳው?

አይሆንም። እዚህ ከተማ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ማሽኖች አሁንም ይሠራሉ፤ የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አስቤስቶስ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ሸራው አዲስ ቢሆንም ደቃቅ አቧራ ለማንም ሳንባ አይበጅም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ አስራችሁ ጣሉት፣ አፍና አፍንጫችሁንም በሚገባ መከላከያ ሸፍኑ። ልጆች በወርክሾፕ ልምምድ ላይ ካሉ በዚያ ሰዓት አርቋቸው።

የብረቱን ፊት ቅባት ለማስለቀቅ ቶሎ የሚተን ማጽጃ ተጠቀሙ። ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ ግን በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም። ላይ ላዩን ደርቆ ይያዝና ሲሞቅ ዘይቱን መልሶ ያወጣል። የዱቄት፣ የሲሚንቶና የጥጥ ብናኝ ባለበት ቦታ አቧራ መከላከያው ጎማ የተቀደደ ፍሬን ሦስት ወር አይቆይም፤ ጎማውን እንደ ትርፍ ነገር የሚጥሉትን ሰዎች አጥብቄ እቃወማለሁ።

የመኪና ሸራ አስቆርጬ ዲስኩ ላይ ባስለጥፍስ?

መለዋወጫ የማግኘት ችግር እንዳለ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ከድፍረት የመጣ አይደለም። ቢሆንም የመኪና ሸራ የመያዝ ጠባዩም ውፍረቱም የተለየ ነው፤ ሙጫውም ሲግል ሊለቅ ይችላል። ጭነት የሚያነሣ ወይም ሰው የሚቀርበው ማሽን ላይ በፍጹም አታድርጉት። ሜዳ ላይ የሚሄድ፣ ፍሬኑ ባይኖር እንኳ ራሱ የሚቆም ቀበቶ ላይ ትክክለኛው ዲስክ እስኪመጣ ድረስ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ያኔም በየቀኑ ይለካል።

በስንት ጊዜ ልለካው?

ማሽኑ ራሱ ይነግራችኋል። በቀን አሥር ጊዜ የሚቆም ማሽንና በሰዓት ሦስት መቶ ጊዜ የሚቆም ማሽን አንድ ዓይነት ቀጠሮ ሊኖራቸው አይችልም። ለምሳሌ በመስከረም 0.30 ላይ አስተካከላችሁ፤ በጥቅምት 0.34 አገኛችሁ። በወር 0.04 ማለት ነው። የተፈቀደው ጫፍ 0.60 ከሆነ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከሰባት ወር ተኩል በኋላ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ልክ ሙቀቱ በሚበረታበት ሰሞን ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ማሽን ሚያዝያን አልጠብቀውም፤ የካቲት ላይ 0.50 ሲሆን አስተካክለዋለሁ።

ሁልጊዜ የምትለኩት ጠዋት፣ ማሽኑ ሳይነሣ በፊት ይሁን። አንዱን ወር በብርድ ሌላውን በሙቀት የተለካ ቁጥር አይወዳደርም። ከወር ወደ ወር የሚጨምረው በድንገት እጥፍ ከሆነም ምክንያት አለው፤ ፍሬኑ ሳይለቅ እየሠራ ነው ወይም ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

የሕንፃችን ሊፍት ፍሬንስ በዚሁ መንገድ ይስተካከላል?

አሠራሩ ተቀራራቢ ነው፤ እናንተ ግን አትንኩት። በአውሮፓ የሊፍት ደረጃ መሠረት የሊፍት ፍሬን ከሙሉ ጭነቱ 25 በመቶ አልፎ የተጫነ ካቢን ሙሉ ፍጥነት እየወረደ ሳለ ብቻውን ማቆም አለበት፤ ከተስተካከለ በኋላም ያንን በፈተና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ፈተናውን ማካሄድ የሚችል የሊፍት ባለሙያ አስመጡ። እሱ እስኪመጣ ድረስ ሊፍቱን አጥፉት፣ በየፎቁ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፉ፤ ሰዉ በደረጃ ይውጣ።